የተፈታው ጉንጉን

አባት ራታን ከሚባል ሸምበቆ መሰል እንጨት ወንበርና ጠረጴዛ በመሥራት ስማቸው የወጣ ነበሩ። ራታኑን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ በእሳት ወላፈን እያሞቁ እንደፈለጉ ያጎብጡታል፤ ከዚያ በቀጭን በቀጭኑ የተሰነጠቀውን እየጎነጎኑ መቀመጫውን ይሞሉታል። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ነይ ላሳይሽ ባሏት ቁጥር፣ "አባዬ ደግሞ! እኔ እንጨት ስጎነጉን ልዋል?" እያለች ትስቅ ነበር። ከሱቁ ደጃፍ ቆማ መሸጥ ብቻ ሆነ ሥራዋ።

አንድ ቀን አባት የጨረሱትን ወንበር ስታነሳ፣ የመቀመጫው ጉንጉን ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ቀና ብላ አየቻቸው። መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"ያምራል፣ አባዬ።"

 የአባዬ ዓይን እየከዳው ነው ብላ ደነገጠች።

አባት ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ወንበሩን ጓዳ አስገብታ ጉንጉኑን ፈታችው። አንድ አሮጌ ወንበር አጠገቧ አስቀምጣ፣ እሱን እያየች መልሳ ጎነጎነችው። አልሆነም። ፈታችው። ጣቶቿ እስኪላጡ ታገለች። አባት ሲነቁ ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቦታው ላይ ነበር።

ቀጥሎ የሌላው ወንበር መደገፊያ ተዛባ። ከዚያ ደግሞ የአንዱ ወንበር የክንድ ማሳረፊያ። የአባት ስህተት እየባሰ፣ ማቃናቱም እየከበደ ሄደ። እሷም ተደብቃ መፍታቷን፣ ተደብቃ መሥራቷን አላቆመችም።

ደንበኛ ሲያደንቅ አባት ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ "ዓይን ቢደክም እጅ አይረሳም!" ይላሉ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ያኔ ነይ ሲሏት እሺ ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ አጠገባቸው ተቀምጣ ታግዛቸው ነበር። አሁን እንደ ሌባ ጓዳ ለጓዳ ትላለች። 

በመጨረሻ አናጢው አጎቷ ዘንድ ሄዳ ተንሰቀሰቀች።

"አባዬን እያታለልኩት ነው፣ አጎቴ። ብነግረው ይሰበራል። ዝም ብል ደግሞ እኔ ማለቄ ነው።"

አጎት መጋዛቸውን አስቀመጡ።

"የክንድ ማሳረፊያውንም ብቻሽን ነው ያቃናሽው?"

"ብቻዬን ነው።"

"በይ እንባሽን ጥረጊ። እኔ አነጋግረዋለሁ።"

"በሞቴ፣ እንዳትነግረው!"

አጎት ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ወንድማቸውን ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን አገኟቸው።

"ወንድም ጋሼ፣ ልጅቷ በጸጸት ልታልቅ ነው። ኧረ አሁንስ ይብቃዎት።"

"ትንሽ ታገሠኝ" አሉ አባት። "ለመጎንጎን ከባዱ ክብ ጠረጴዛ ነው፤ እሱን ገና አላበላሸሁላትም።"