የለቅሶው ካሴት

ስሙኝማ፣ ያን ቀን ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነበር። የአንትሮፖሎጂ መምህራችን "ስለ ለቅሶ አንድ የቤተ መጻሕፍት ምንጭ ይዘሽ ካልመጣሽ ወድቀሻል" ብሎኛል። ከወደቅኩ ደግሞ መባረሬ ነው። ጠዋት በሩጫ ስወጣ እማዬ "አንቺ፣ ሹራብሽን እኮ ገልብጠሽዋል!" ብላ ስትጮህ፣ "ተይው፣ ማን ያየኛል!" ብያት እብስ አልኩ።

ቤተ መጻሕፍቱ ስደርስ ቀልጣፎቹ ልጆች መጽሐፎቹን ጠራርገው ወስደዋቸዋል። መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብዬ እንባዬን ለቀቅኩት። መጽሐፍ የሚያወጡልን እትዬ አዘኑልኝ።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንድ ካሴት አለልሽ። የድሮ ተማሪዎች ልጇ የሞተችባትን እናት አናግረው የቀዱት ነው። ካሴቱ እኔ በወጣትነቴ ስቀጠርም እዚሁ ነበር።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ካሴቱን ከፈትኩት። አንድ ወንድ ልጅ "እናታችን፣ የልጅዎን የመጨረሻ ቀን ይንገሩን" ይላል። ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤ ለቅሶው ድምጿን አፍኖታል። እኔ ግን ተረፍኩ ብዬ እየተፍነከነክሁ እጽፋለሁ።

"ለጥናት ብላ እየሮጠች ወጣች" አለች ሴትዮዋ። "ሹራቧን ገልብጣው ነበር። ብነግራት፣ 'ተይው፣ ማን ያየኛል' አለችኝ።"

ድምጿን ያኔ ለየሁት።

ክንዴን አየሁት። ስፌቱ በውጭ በኩል ነው። ማቆሚያውን ተጫንኩት። ካሴቱ ቀጥ አለ።

እማዬ ግን ማልቀሷን አላቆመችም።