«የገራዶ ሠርግ» በፒዲኤፍ

ሲራጅ «የገራዶ ሠርግ» የተባለ ልብ ወለዱን ያስመረቀው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንድ ምግብ ቤት ሥር ባለ አዳራሽ ነው። የመጣው ሁሉ ገዛ። ይሉኝታ የያዘው አበሻ ከምረቃ ባዶ እጁን አይወጣም። አስፈረመ፣ ከደራሲው ጋር ፎቶ ተነሳ፣ መጽሐፉን መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ጥሎ ወደ ኑሮው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ዝም። ሲራጅ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። መጽሐፉን ከገዙት ሰዎች ጋር በየለቅሶውና በየሠርጉ ይገናኛል። ስለ ቤት ብድር ወለድ ያወሩታል፣ ስለ ልጆቻቸው ያወሩታል። «አነበብኩት» ያለው ግን አንድም ሰው የለም። ይህ አንገበገበው። ጀምሮት የነበረውን ሁለተኛ መጽሐፍም ተወው።

«ለማን ብዬ ነው የምጽፈው?» አላት ሚስቱን ሰአዳን። የእጅ ጽሑፉን በላፕቶፕ ስትተይብለት የከረመችው እሷ ናት።

ብርዱ ሲገባ መጽሐፉ ቴሌግራም ላይ ወጣ። የዲሲ አካባቢ አበሾች በቴክኖሎጂ ዜና የሚነታረኩበት አንድ ግሩፕ አለ። እዚያ «ዳማከሴ» ብሎ ራሱን የሰየመ ሰው ሙሉውን ፒዲኤፍ ለቀቀው። «መጽሐፍ የሚጻፈው ሊነበብ ነው፤ አንብቡ» የሚል ቃል አክሎበታል።

የሲራጅ ደም ፈላ። «ይህ ሌብነት ነው! የቅጂ መብት የሚባል ነገር አለ!» ብሎ ጻፈ። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ፋይል ማጋራት ወንጀል ነው አለ። ሌላው ኮፒ የተደረገ ነገር አልተሰረቀም፣ ዋናው ባለቤቱ ጋ አለ ብሎ ተሟገተ። አብዛኛው ፋይሉን ከፍቶም አላየው፤ ጭቅጭቁ ግን ጣፈጠው።

ጥቂቶች ግን አንብበውታል። «የጦሳ ልጅ» የሚባለው፣ የመጽሐፉ ሙሽራ ከድጃ ከሠርጓ ድንኳን ለምን ጠፍታ እንደሄደች ጠየቀ። «ሚስኪ» የምትባለው ምዕራፍ ሰባት ላይ አልቅሻለሁ አለች። ዳማከሴ ለሁለቱም መለሰላቸው። ሲራጅ ተማሪዎቹን አድርሶ አውቶቡሱን ካቆመ በኋላ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ ማንበብ ልማዱ ሆነ። ይሳደባል፣ ደግሞ ያስረዳል። «ከድጃ የሄደችው ፈርታ አይደለም! በደንብ አንብቡ እንጂ!» ሳይታወቀው ሁለተኛውን መጽሐፍ ከጣለበት አነሳው።

«ካነበቡልህ ምን ቸገረህ?» አለችው ሰአዳ፣ ወደ ሥራ ለመውጣት ጫማዋን እያሰረች። ፎልስ ቸርች ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ታስታምማለች።

«ሌባ ነዋ! ደግሞ ማን እንደሆነ ደርሼበታለሁ።»

ደረስኩበት ያለው ፉአድን ነው። ፉአድ ከደሴ ጀምሮ አብሮ አደጉ ነው፤ አሁን ሴቨን ኮርነርስ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። የመጽሐፉን ገጾች በኮምፒውተር አስተካክሎ ለኅትመት ያዘጋጀለትም እሱ ነው። ፋይሉ ያለው ማተሚያ ቤቱና ፉአድ ጋ ብቻ ነው ብሎ ሲራጅ ደመደመ።

የሰአዳ ስልክ ስክሪኑ ተሰብሮ ነበርና እሱን ሊያሠራ ሄዶ ፉአድን ዓይን ዓይኑን አየው።

«ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ በርትተሃል አሉ?»

«እኔ? ቢዚ ነኝ እኮ ሲራጅ፣ ጊዜው ከየት መጥቶ!» ብሎ ፉአድ ሳቀ። ስልኩን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ አኖረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማከሴ ጠፋ። የሚመልስላቸው ሲያጡ የጦሳ ልጅና ሚስኪም ዝም አሉ። የቀረው ሰው ስለ ቻርጀር መጨቃጨቁን ቀጠለ። ሲራጅ «ነቃሁበት! ፈራ!» እያለ ሳሎን ውስጥ ተንጎራደደ። ሰአዳ ዕቃ ታጥባለች።

የስልኩ ጥገና ሲያልቅ ባልና ሚስት አብረው ሄዱ። ሲራጅ ደንበኞች በተሰለፉበት ፈነዳ።

«ወንድሜ ብዬ ልፋቴን ሰጠሁህ፣ አንተ በአደባባይ በተንከው! ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጥ። ብሞት እንዳትቀብረኝ!»

ፉአድ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የተጠገነውን ስልክ ለሰአዳ ሲያቀብላት ፊቷን አየና አፉን መልሶ ዘጋ።

«ይሁን፣ ሲራጅ» አለ።

ሰአዳ እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች። የልጅነት ጓደኝነት ሲፈርስ ማየት ከብዷት ነው ብሎ ሲራጅ እጇን ያዘ። እሱም ውስጡ ቆስሏል፤ ፉአድን ይወደው ነበር።

በማግስቱ ዳማከሴ ብቅ አለ። ምዕራፍ ዘጠኝን ያነሳል።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ!» አለ ሲራጅ። ነገሩን ፊት ለፊት ሊጨርሰው ቆረጠ። «ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ክፍል ይዣለሁ» ብሎ ጻፈ። «ዳማከሴ፣ ወንድ ከሆንክ ና። ያነበባችሁም ኑ፣ ፈርሜ በነፃ እሰጣችኋለሁ።»

«ይቅርብህ፣ ተወው» ሲል ዳማከሴ መለሰ።

«ካልመጣችሁ ሁለተኛውን መጽሐፍ ቀድጄ እጥለዋለሁ። መልካቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች አልጽፍም!»

ከዚያ የጦሳ ልጅ «እመጣለሁ» አለ። ሚስኪም «እመጣለሁ» አለች። በመጨረሻ ዳማከሴ «እሺ» ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ ሲራጅ የሠርግ ሱፉን ለብሶ ወንበሮቹን ራሱ ደረደረ። የመጽሐፉን ካርቶን ከፈተ፣ እስክሪብቶውን ሞከረ። ሌባውን ምን ብሎ እንደሚያዋርደው ሲያጠና ነው የከረመው፤ አሁን ግን ልቡ የሚመታው ሌሎቹን ለማየት ነው። ምዕራፍ ሰባት ላይ ያለቀሰችውን ሴት መልክ ለማየት ጓጉቷል።

የቀጠሮው ሰዓት አለፈ። ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ በሰማ ቁጥር ክራቫቱን ያስተካክላል። ኮቴው ያልፋል።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ሰአዳ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«አንቺ ደግሞ! ሺፍት አልነበረሽም?»

የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘች። ሲራጅ በእሷ አናት ላይ አሻግሮ በሩን አየ።

«ትንሽ እንጠብቃቸው፤ አበሻ መቼ በሰዓቱ ደርሶ ያውቃል» አለ።

«አትጠብቅ፣ ሲራጅ» አለች። «ሁላችንም መጥተናል።»