ጥቁሯ ሞተርና የእንዳለ መሐላ

በማያምንበት ስም እንዳሻው የሚምል ሰው፣ የጨነቀው ዕለት በሚያምንበትም ስም በሐሰት ይምላል፤ ያን ጊዜ ዳኛውን ራሱ ጠርቶታልና ፍርዱ አይዘገይበትም። በሪያድ ከተማ፣ መንሱራ ሰፈር፣ ባንድ ያገለገሉ ሞተሮች መሸጫ ግቢ የሆነው ይህን ያስረዳል።

«ውጣባት እንጂ! ሞተር እንደ ሙሽራ ቆመው አያዩአትም» አለ ሻጩ እንዳለ፣ የጥቁሯን ሞተር መቀመጫ በመዳፉ እየመታ።

ይርጋ ወጣባት። ረጅም ነበረች፤ የቀኝ እግሩ ጣቶች ብቻ መሬት ነኩ፣ ግራው አየር ላይ ቀረ። ዐሥራ አንድ ዓመት በበያጅነት ሲሠራ ከፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ያውቃል፤ እንዲህ ግን ፈርቶ አያውቅም። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዐሥር ቀኑ ነው። ምግብ አመላላሹ ድርጅት የቀጠረው የራሱን ሞተር ይዞ እሑድ ጠዋት እንዲቀርብ ነበር፤ ካልቀረበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ዕለቱ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላትም አልፏል።

«ብርቄ ሁለት እግርህ መሬት የማይደርስበት ነገር ላይ እንዳላይህ ብላኛለች» አለ።

እንዳለ ሣቀበት። «ሚስትህ ዑረይጃ ሰፈር ሰው ቤት ምግብ ስታበስል እየዋለች ስለ ሞተር ምን ታውቃለች? ያችን ትንሿን ብትወስድ የመንሱራ ልጆች ምን እንደሚሉህ ልንገርህ? ‹ይርጋ ፍየል ጋለበ!› ነው የሚሉህ።»

ትንሿ ከግንቡ ሥር ቆማለች። ቀይ ቀለሟ በፀሐይ ነጥቷል፤ ጎኗም ተጫጭሯል። ጥቁሯ ግን ትናንት የተቀባች ይመስል ታብለጨልጫለች።

ይርጋን የቆረቆረው ይኸው ማብለጭለጯ ነበር። ስለ ሞተር አያውቅም፤ ብረት ግን ያውቃል። ወርዶ አጎነበሰና ከነዳጅ ጋኑ ሥር፣ መሪው ከሻንሲው በሚጋጠምበት በኩል፣ አውራ ጣቱን ሰደደ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ተሰብራ ተበይዳለች።»

«የፋብሪካ ብየዳ ነዋ፣ ወንድሜ!»

«የፋብሪካ ብየዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ነው። ይኼ የደረቀ ሊጥ ነው፤ ያውም ላይ ላዩን።»

«ወላሂ አልተነካችም! ወላሂል ዐዚም!»

እንዳለ ይህን መሐላ በቀን መቶ ጊዜ ይምለዋል። ሲሸጥም፣ ሲዘገይም፣ ሲቀልድም ወላሂ ይላል፤ ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ግን ማተብ አለ። የሌላ ሰው እምነት ነውና እኔን አያስጠይቀኝም ባይ ነው።

ይርጋ ቀና አለ። «ወላሂን ተወው፤ ከልባቸው የሚምሉበት ሰዎች አሉ። እኔና አንተ ማተብ አስረናል። በሚካኤል ማልልኝና ልመንህ።»

እንዳለ ከንፈሩን ላሰ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፤ የግቢው ባለቤት ሽማግሌው አቡ ፈህድ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመለከቷቸዋል። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሚካኤል ይፍረድብኝ፣ አልተሰበረችም» አለ።

«እንግዲያስ ያችን ከበሩ ውጭ ያለችውን የመንገድ ጉብታ ተሻግረህ አሳየኝ።» ይርጋ ጨመረ፤ «እንዳለ፣ መሐላህ ሐሰት ከሆነ ግን አትውጣባት። አሁን ብትነግረኝ አልቀየምህም፤ ለማንም አልናገርም።»

ምሕረት በሯን ከፍታ ቆማ ሳለ አልፏት የሚሄድ ሰው ስንቱ ነው! አቡ ፈህድ አማርኛው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸው፣ «ያላ፣ ነድተህ አሳየው!» ሲሉ አዘዙ። እንዳለ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የራስ ቁሮች አንዱን አውርዶ አጠለቀ። ሌላ ጊዜ የራስ ቁር አድርጎ አያውቅም፤ ይርጋም ይህን ልብ አለ።

ሞተሯ እያጓራች ከግቢው ወጣች፤ ፈጠነች፤ ጉብታው ላይ የፊት ጎማዋ ተነሥቶ ወረደ። ብረት ሲሰበር ይርጋ ድምፁን ከሩቅ ይለየዋል። መሪው ከነጎማው ወደ አንድ ወገን፣ ሌላው አካሏ ወደ ሌላ ወገን ሄደ፤ እንዳለ በመካከል ተዘረጋ።

ይርጋ ሮጦ ደረሰበት። «እንዳለ! ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ... ክንዴን አትንካው... ወላ—» ብሎ አፉን ዘጋ።

አቡ ፈህድ ከዘራቸውን ተደግፈው ደረሱ፤ አምቡላንስ ከጠሩ በኋላ ስብራቱን ጎንበስ ብለው አዩት። «ይህችን ለመለዋወጫ ፍታት ብዬህ አልነበረም?» አሉ በዐረብኛ። እንዳለ በድብቅ አስበይዶ፣ ሌላ ቀለም አስቀብቶ፣ ለሽማግሌው ‹የራሴ ናት› ብሎ ለራሱ ኪስ ሊሸጣት ነበር።

ይርጋ አምኖ ገዝቷት ቢሆን ኖሮ፣ ነገ በዚህ ሰዓት፣ የምግብ ሣጥን ከኋላው ጭኖ፣ በቀለበት መንገዱ ላይ በከባድ መኪኖች መካከል በሆነ ነበር። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ እንደገናም ተነፈሰ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የትንሿን ሞተር ብረት በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ፤ ዋጋዋን ለአቡ ፈህድ ከፈለና ወጣባት። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ብርቄ፣ ደርሷል።»

«ምኑ?»

«ሁለቱም እግሬ። ተረከዜም ጭምር።»

ሣቋ ከዑረይጃ ድረስ ጆሮውን ሞላው።

እንዳለ የግራ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኛ። ከሥራው በዚያው ቀን ተባረረ።