ማብረድ ክልክል ነው

የወርቅ ኩባንያው ከመሬት ሥር ያሉትን ሁለት ግዙፍ የዓለት ንጣፎች በማሽን ማጋጨት ከጀመረ ወዲህ፣ በሻኪሶ ምንጩም ወንዙም ወርቅ የሟሟበት ፍል ውሃ ሆኗል። ምድር በሚሊዮን ዓመታት የምትሠራውን በወር ጨረስን ብለው የኩባንያው ሰዎች ይኩራራሉ። ወርቁ የሚዘቅጠው ውሃው ሲበርድ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ውሃ ማብረድ ስርቆት ነው ብለው ደነገጉ።

የሎኮ ልጅ በትኩሳት ስትነድ፣ ሎኮ አንድ ሳህን ውሃ እንዲበርድ መስኮት ላይ አኖረች። ለኩባንያው በፈታሽነት የሚሠራው የጎረቤቷ ልጅ ጂሎ ለፍተሻ ሲዞር አየው።

«አዴ ሎኮ፣ ይሄ እኔንም ያሳስረኛል።»

«ወርቁን ጠርገህ ውሰደው። እኔ ግንባሯን ላርጥብበት።»

«ከበረደ በኋላ አልሰረቅንም ብል ማን ያምነኛል?»

«እናትህ ታምንሃለች።»

ጂሎ አልሳቀም። ወርቁ መልሶ እንዲሟሟ ሳህኑን ምድጃው ላይ ጥዶ፣ እስኪፈላ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሎኮም ጎንበስ ብላ የልጇን ግንባር እፍ ትል ጀመር።