ቦርሳ ያዥ

“ጠጋ ጠጋ በሉ!” አለች ካሜራውን ከዓይኗ ሳታነሳ። የአክስቷ ልጅ ሰርግ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ በነፃ ስታነሳቸው ነው የዋለችው። አሁን የሙሽራዋ ቤተሰብ በሙሉ አዳራሹ ደረጃ ላይ ተደርድሯል። በሙሉ ሳይሆን፣ ከራሷ ከፎቶ አንሺዋ እናት በቀር። እናቷ ከሰልፉ ውጪ ምሰሶው ሥር ቆማ፣ የሴቶቹን ቦርሳ ሁሉ በሁለት ክንዶቿ አንጠልጥላለች።

“እማዬ፣ ነይ ግቢ እንጂ!”

“ተያት እስቲ፣ ቦርሳውን ማን ይያዝልን?” አለች አክስቷ ከሙሽራዋ አጠገብ። “ደግሞ እሷ ፎቶ አትወድም። ይልቅ ቶሎ በይ፣ ሜካፓችን ቀለጠ።”

“ታላቅ እህትሽ እኮ ናት!” ፎቶ አትወድም? ታዲያ ጠዋት መስታወት ፊት ሊፕስቲኳን እየጠረገች ደግማ ደጋግማ የቀባችው ለማን ኖሯል? ደሟ ፈላ። እናቷ ነገሩን ለማብረድ ፈገግ ብላ መጣችና ከቦርሳዎቹ መሃል እንደምንም ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላት።

“ተይ አትቆጪ፣ ልጄ። በእኔም ስልክ አንሺልኝ፤ እንዴት እንዳማረባቸው!”

ስልኩን ተቀበለች። ከዚያ ለደረጃው ጀርባዋን ሰጥታ፣ እናቷን ከነቦርሳዎቹ አቅፋ፣ የስልኩን ካሜራ ወደ ራሳቸው አዞረችው። የእናቷ ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ ሙሽራዋና ዘመዶቿ ከኋላ ጥፍር አክለው ታዩ።

“አንቺ ልጅ፣ ከለልሽን እኮ!” ብሎ ጮኸ የሙሽራዋ አባት።

“አውቃለሁ፣ አጎቴ። ፈገግ በሉ።”