ከአባቷ ስም በፊት

እስቲ ንገሩኝ፣ የጠፋ ሰው ስም ሳይነገር «መጀመሪያ ሰብስክራይብ አድርጉ» ይባላል? ሩሀማ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አባቷን አፋልጉኝ ለማለት ሐይቅ ዳር ከዩቲዩበሩ ክብሩ ጋር በቀጥታ ስርጭት ቀርባ፣ ፎቷቸውን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። ገና አፏን ስትከፍት ክብሩ እጁን ዘርግቶ ጣቱን ወደ ታች ቀሰረ፤ መዳፉ የአባቷን ፊት ሸፈነው።

«ስማቸውን ከመስማታችን በፊት፣ ውድ ቤተሰቦች፣ ሰብስክራይብ!»

«እጅህን አንሳ።»

«እህቴ፣ ቻናሉ ካላደገ እኮ ቪዲዮው ሰው ጋ አይደርስም» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሩሀማ አመነታች። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ተመልካች ካልበዛ አባቷን ማን ያገኝላታል? ግን አሁን የሚያዩዋትም የአባቷን ስም ገና አልሰሙም። እጁን ከፎቶው ላይ አነሳችው።

«አባባ በዚህች ደቂቃ በእነዚህ ሰዎች ደጅ ቢያልፉ፣ ማን ብለው ይጥሯቸው? ሕዝብ እየሰማህ መልስልኝ!»