ያለ ቀጮ የተሠራ ቸኮሌት

ሴትየዋን ሠፈሩ ሁሉ «ቀማሿ» ይላታል። ከአብሮ አደጓ ከቀጮ ጋር ትንሽ የቸኮሌት መሥሪያ ከፍተው ሥራውን ተከፋፍለውታል። ቀጮ ታቀልጣለች፣ ትመዝናለች፣ ታማስላለች፤ ቀማሿ ትቀምሳለች። እሷ «ይሁን» ሳትል ከድስቱ አንዲት ጠብታ አትቀዳም። ስማቸውን ያስጠራው ቡና የገባበት ጥቁር ቸኮሌታቸው ነው።

በክረምቱ ቀማሿን ክፉ ጉንፋን ጣላት። ተሽሏት ወደ ሥራ ስትመለስ ነገር ዓለሙ አላምር አላት። ዳቦው ጣዕም የለውም፤ ሳሙናው ጠረን የለውም። «ዘንድሮ ሁሉም ነገር ውሸት ሆኗል» እያለች ታማርራለች።

ቀጮም ተለውጣለች። ቀማሿ ስትገባ ስልኳን ትዘጋለች፤ ደንበኛ ፊት ዓይኗን ትሰብራለች። «አንቺ ዕረፊ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ማለት አብዝታለች።

«ምን አስቸኮለሽ?» አለቻት ቀማሿ አንድ ቀን።

«ኧረ ምንም። እንዳትደክሚ ብዬ ነው።»

«ለመቅመስ ማን ይደክማል?»

ቀጮ ሣቀች፤ ሣቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

በዚያው ሰሞን የአንድ ትልቅ ሆቴል ዕቃ ገዢ ቸኮሌታቸውን ሊቀምስ እንደሚመጣ ተሰማ። ሰውየው የደወለው ለቀጮ ነበር። ቀማሿ ይህን ካወቀች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። አንድ ቀን እቤቷ የጣደችው ድስት አርሮ ከሰል ሲሆን ጎረቤት ነው በሩን ደብድቦ የነገራት፤ እሷ እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ስለ ቀጮ ታብሰለስል ነበር።

በማግስቱ ማልዳ ሥራ ገባች። ቀጮ ቀድማታለች። ትናንት ቀማሿ «ይሁን» ያለችውን ድስት መልሳ ጥዳ፣ በማንኪያ ቀምሳ፣ ራሷን ነቅንቃ፣ የቡና ዱቄት ትጨምርበታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ማንኪያው ከቀጮ እጅ ወደቀ።

«ትንሽ... ላስተካክለው ብዬ።»

«እኔ የቀመስኩትን? ዛሬ ነው የጀመርሽው?»

«አይደለም» አለች ቀጮ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ልነግርሽ እያልኩ አፌን ያዘኝ። እህቴ፣ እባክሽ ቁጭ በይና...»

«እህቴ አትበይኝ! ስሜን ከጀርባዬ ስትሰርቂ ከርመሽ! ለሆቴሉ የራስሽን ልታቀርቢ ኖሯል!»

ባዕድ ቢያደርገው እንዲህ ባላንገበገባት። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንድ ወንበር ላይ ተምረው ያደጉ ናቸው።

«ቁልፉን አምጪ።»

«ሰውየው እስኪሄድ ብቻ ልቆይ። ከዚያ አባርሪኝ።»

«ቁልፉን አልኩሽ!»

ቀጮ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች።

ቀማሿ ድስቱን ደፍታ ያንኑ ቡና ያለበትን ቸኮሌት እንደ አዲስ ጣደች። ቀጮ እየመዘነች ትጨምረው የነበረውን ቡና ዛሬ ራሷ ፈለገች፤ መደርደሪያው ላይ ቡናማ ዱቄት ከያዙት ጣሳዎች አንዱን አውርዳ ጨመረች። ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች። ምርር ያለ፣ ልስልስ ያለ ነው። «ይሁን» አለች። ይህን ቃል ስትል ሁልጊዜ ከጎኗ የምታጨበጭብላት ቀጮ ግን አልነበረችም።

ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ ሰው መጣ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ጓደኛዎስ?»

«ከድታኛለች» አለች ቀማሿ። «ይሄን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔው ነኝ የሠራሁት።»

ሰውየው አንድ ቁራሽ አፉ ውስጥ ጣል አደረገ። ቀስ ብሎ አላመጠና ደገመ። ቀማሿ፣ ቀጮ እዚህ ቆማ ባየች ብላ ተመኘች።

ሰውየው ጣቶቹን ጠራርጎ ፈገግ አለ።

«ግሩም ቸኮሌት ነው። ቡና ያለበትንስ መቼ ነው የሚያቀምሱኝ?»